ዋጋ ሲጠየቁ «ለማን?» የሚሉት ሹፌር

ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ታደለች ናት። ደዋዩ የጋሽ ባራሳ የመጀመሪያ ልጅ ዮሐንስ ነበር። «እትዬ ታደለች፣ አባዬ ሌሊት አረፈ» አላት። ትንሽ ትንፋሽ ወስዶ፣ «የሕይወት ታሪኩን እርስዎ እንዲጽፉት እማዬ ለምናለች። ሌላ ሰው አይነካውም ብላለች» ሲል ጨመረ።

ታደለች አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ከምሳ በፊት አንድ ገጽ ጨርሳ ሰጠችኝ። ጋሽ ባራሳ ከተማችን አጠገብ፣ ቡሹሎ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆኑ፤ መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ፤ ስድስት ልጆች አሳደጉ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንድም የተጋነነ የለም።

«ዋናውን እኮ አልጻፍሽውም» አልኳት።

«ዋናውን አንተ ጻፈው። ያንተ ጉድ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ጉዱ የእኔ ነው። ስለዚህ ይኸው ልጻፈው።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ሰው በእግሩ፣ በብስክሌት ወይም በፈረስ ጋሪ ነበር የሚሄደው። እኔ ፒያሳ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ስታቲስቲክስ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ጋሽ ባራሳ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ደብዳቤና ሰነድ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ።

ረቡዕ ከሰዓት ላንድሮቨሯ ግቢ ስትገባ ሥራ ይቆማል። የአገሩን ወሬ ከራዲዮ እንሰማ ነበር፤ የገበያውን ወሬ ግን ከጋሽ ባራሳ ነበር የምንጠብቀው። መንገድ ላይ ያለውን ገበያ ሁሉ ያውቁታል፤ የዝዋይን ቲማቲም፣ የመቂን ሽንኩርት፣ የሞጆን ሽምብራ። መኪናውን አቁመው፣ በሩን እንደተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱት ቀስ አድርገው ይዘጉና ይወርዳሉ። ቆባቸውን አውልቀው በግራ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡታል። ያኔ ጥያቄው ይዘንባል።

«ጋሽ ባራሳ፣ አዲስ አበባ ጤፍ ስንት ገባ?»

«ለማን?»

መልሳቸው ሁልጊዜ ይኸው ነበር። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ አስቴር አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ለማን ማለት ምን ማለት ነው? ጤፍ ጤፍ ነው!»

«አይደለም ወይዘሮ አስቴር» አሉ ጋሽ ባራሳ፣ ሳይቆጡ። «የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ካርድ ላለው አንድ ዋጋ ነው። ካርድ ለሌለው ሌላ ዋጋ ነው። ገጠር ወንድም ላለው ደግሞ ጭራሽ ዋጋ የለውም። የቱን ልንገርዎት?»

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያሾፍባቸው ነበር። ዋናው አሿፊ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ የሚጋራው ተሾመ ነው። ሰዓት ስንት ነው ሲሉት ያልደፋውን ቆብ ከራሱ ላይ አውልቆ መዳፉ ላይ ያስቀምጥና፣ «ለማን?» ይላል። ጋሽ ባራሳ ራሳቸው ደርሰው ቢያዩት እንኳ ከሁሉም በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

ጴንጤ ናቸው። አይጠጡም፣ አይምሉም። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ጊዜው በአደባባይ ለሚጸልይ ሰው የሚመች አልነበረምና፣ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። «መንገዱን ለባለቤቱ እየነገርኩ ነው» አሉት። ካድሬው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ማለታቸው መሰለውና ዝም ብሎ ገባ።

ማንበብና መጻፍ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ የመንገድ ምልክቱን ሁሉ በመልኩ ነበር የሚያውቁት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በቀበሌያችን አዳራሽ ፊደል ያስቆጠረቻቸው ታደለች ናት፤ ያኔ ገና አልተጋባንም። ጋሽ ባራሳ ያንን አልረሱም። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነውን ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ «አስተማሪ» ከማለት፣ «እርስዎ» ከማለት ሌላ ጠርተዋት አያውቁም። ታደለች በሃፍረት ትሞት ነበር። እኔን ግን ያው «አንተ ግርማ» ነው የሚሉኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ።

አንድ ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። አዲስ አበባ የክፍል ኃላፊ ሆኜ እንድዛወር ታስቧል፤ ደመወዜ በመቶ ሠላሳ አምስት ብር ያድጋል፤ መልሴን በሁለት ሳምንት ውስጥ አሳውቅ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ዕድሜዬ ክፍል ኃላፊ መሆን ማለት ከአዋሳ ወጣቶች ሁሉ አንደኛ መሆን መሰለኝ።

ነገር ግን ቤት አለ። እኔና ታደለች የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ የፓፓያ ዛፍ አለ፤ ኪራዩ ለመናገር የሚያሳፍር ነው። ከተማውን ስትለቅ ቁልፉን ለቀበሌ ታስረክባለህ፤ እነሱም መሸኛ ይጽፉልሃል፤ ቤቱ በማግስቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ ማለት የለም። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ሁለቱን ከተሞች ማነጻጸር አለብኝ አልኩ። የስታቲስቲክስ ሰው አይደለሁ?

የአጎቴ ልጅ ከበደ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነበር የሚኖረው። በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደውዬ በወር የሚያወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገርኩት። ከዚያ ትልቅ ወረቀት አውጥቼ በማስመሪያ አሰመርኩ። ከላይ «የአዋሳና የአዲስ አበባ የኑሮ ንጽጽር» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። በግራ አዋሳ፣ በቀኝ አዲስ አበባ። የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከሰል፣ መብራት፣ ውሃ፣ አውቶቡስ፣ ፀጉር መቆረጫ፤ ሃያ አራት መስመር ሞላ። አዲስ አበባ በከሰልና በአውቶቡስ ዋጋዋ ይበልጣል፤ በሌላው እኩል ናት፤ ጭማሪው ሲደመርበት ምኑም አያጠያይቅም።

ማታ እራት ላይ ለታደለች እንደ ሪፖርት ቆሜ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ጥሩ ነው» አለች። ሳህኑን አነሳች። ጥሩ ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት መሰለኝ።

ቅዳሜ ወረቀቱን ለጋሽ ባራሳ አሳየኋቸው። ምክር ፈልጌ አልነበረም፤ ሊያደንቁኝ ፈልጌ ነው። እሳቸው ግን መኪናው ላይ ተደግፈው ሃያ አራቱንም መስመር ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት። አለቃዬ እንኳ የእኔን ወረቀት እንደዚያ አንብቦት አያውቅም። ሲጨርሱ ቆባቸውን አወለቁ።

«ጎበዝ ነህ ግርማ። ልፋትህ ያስታውቃል። ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ ጋሽ ባራሳ! ለማን ይሆናል?» አልኩ፤ ተናድጃለሁ።

«ያንተ ኑሮ አልመሰለኝም» አሉ። «ሰኞ መኪናው ላይ ቦታ አለ። ፈቃድ ጠይቅና ግባ።»

ሰኞ አብረን ወጣን። ዝዋይ ላይ ቆመው የቲማቲም ዋጋ ጠየቁ፤ አልገዙም። መቂ ላይ ቆመው የሽንኩርት ዋጋ ጠየቁ፤ አልገዙም። ነጋዴዎቹ አልተቆጡም፤ ያውቋቸዋል፤ እንዲያውም አንዷ ሳትጠየቅ ነገረቻቸው። «ጋሽ ባራሳ፣ የማይገዙትን ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «የሚገዛ ሰው ይጠይቀኛላ» አሉኝ። በየኬላው ሲፈትሹን ወርደው በሩን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ፈታሹን በስሙ ይጠሩታል፤ የልጁን ጤና ይጠይቃሉ። በዚያ ጉዞ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ዝውውሬ አላነሱብኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ከበደ ወደሚገዛበት የኅብረት ሱቅ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሻጩ እጁን ዘረጋ።

«ካርድ?»

«ካርድ የለኝም። ዋጋውን ላረጋግጥ ነው። በሚመጣው ወር ወደዚህ እዛወራለሁ።»

«የትኛው ቤት ነው የምትገባው?»

«ቤት እስካገኝ ዘመዴ ጋ።»

«ደባል ነሃ!» አለ፤ ካርድ ለመቀበል የዘረጋውን እጅ እየሰበሰበ። «ደባል ካርድ የለውም። ቤት ስታገኝ ና።»

«ቤት መቼ ነው የሚገኘው?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ባዶ የዘይት ጠርሙስ የያዙ ሴትዮ በሐዘኔታ አዩኝና፣ «ሰው ሲሞት ነዋ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ከዚያ ወጥቼ መርካቶ ወረድኩ፤ የነጋዴውን ዋጋ ጠየቅሁ። የግል ቤት ያለው ሰው ለደባል አንዲት ክፍል በስንት እንደሚያከራይ ጠየቅሁ። የቀኙን ረድፍ በሙሉ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ረቡዕ ስንመለስ፣ ሞጆን እንዳለፍን፣ አፌን ከፈትኩ።

«ጋሽ ባራሳ፣ እኔ የጻፍኩት የከበደን ኑሮ ነው።»

«አዎ። ለከበደ አዲስ አበባ ርካሽ ናት» አሉ።

«ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አላምናቸውም ነበር። ሃያ አራት መስመር አስምሬ አንድ ሹፌር ቢያፈርስብኝ አላምነውም ነበር። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ስደምር፣ ከመቶ ሠላሳ አምስቱ ብር በስተመጨረሻ የምትተርፈኝ በዓመት አንድ ጥሩ ጫማ የምትገዛ ነገር ናት። «ቢሆንም ያዋጣል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ኃላፊነቱ ራሱ ዋጋ አለው። ቤት ደግሞ አንድ ቀን ይገኛል።» ጋሽ ባራሳ እስከ ሻሸመኔ ነዱ። ሻሸመኔ ላይ ጋሪ እያሳለፉ፣ «እሑድ ቤታችሁ ልምጣ?» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መጡ። ታደለች ልትቀበላቸው ስትወጣ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ «አስተማሪ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ፓፓያው ሥር ወንበር አወጣንላቸው። ዓሣው ኩሽና ገባ። ወዲያው ወረቀቱን እንዳመጣ ጠየቁኝና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ታደለች ልትነሳ ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

«አይሂዱ አስተማሪ። እኛ ሲዳማዎች አንድ ደንብ አለን። ነገር ከመቆረጡ በፊት ‹አፊኒ?› ይባላል። ‹ሰምታችኋል ወይ?› ማለት ነው። ነገሩ የሚነካው ሰው ሁሉ ሳይሰማና ሳይናገር የተቆረጠ ነገር፣ እንደተቆረጠ አይቆጠርም። ግርማን ሰምቼዋለሁ። እርስዎን አልሰማሁም።»

«እሱ ከወሰነ እኔ ምን እላለሁ ጋሽ ባራሳ» አለች ታደለች።

«እኔ እርስዎ ክፍል ገብቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ ምን ነበር የሚሉኝ?»

ታደለች ሳታስበው ፈገግ አለች። «‹የማያውቁትን ይተዉትና የሚያውቁትን ይንገሩኝ› እል ነበር።»

«እንግዲያው የሚያውቁትን ይንገሩን።»

ቆባቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ሰው እንደዚያ ሲጠብቅ ዓይቼ አላውቅም፤ ዓይናቸውን እንኳ ከመሬት አላነሱም። ታደለች የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። ከዚያ ተናገረች።

«በማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ለማትሪክ ስምንት ወር ቀርቶኛል። አዲስ አበባ የማታ ትምህርት ለመመዝገብ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋል። ደባል ደግሞ መታወቂያ የለውም። ጠይቄያለሁ።»

«መቼ ጠየቅሽ?» አልኩ።

«ደብዳቤው የመጣ ቀን። የማታ ትምህርት ኃላፊውን ጠየቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። አነበብክልኝ እንጂ አልጠየቅከኝም።» የቀሚሷን ጫፍ ለቀቀችው። «ስንጋባ አንድ ጊዜ አቋርጬዋለሁ ግርማ። ሁለተኛ ካቋረጥኩት አልመለስበትም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሰው በራሱ የሚያፍርበትን ሰዓት ያውቀዋል። የማታ ትምህርት ክፍያዋን በየወሩ የምሰጣት እኔ ነኝ። ከፀጉር መቆረጫዬ ያነሰች ገንዘብ ስለሆነች ከሃያ አራቱ መስመር አንዷ ልትሆን አልቻለችም። ፀጉሬ ግን ገብቷል።

ጋሽ ባራሳ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ከሃያ አራተኛው መስመር በታች፣ ማስመሪያ ሳይጠቀሙ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያራራቁ መጻፍ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ታደለች ከትከሻቸው በላይ ታይ ነበር፤ እጇ ሁለት ጊዜ ልታግዛቸው ተነስቶ ሁለቴም ተመለሰ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። «የአስተማሪ ትምህርት» ይላል። በአዋሳ ረድፍ «አለ»፤ በአዲስ አበባ ረድፍ «የለም»።

«ሂድም አልልህ፣ ቅርም አልልህ» አሉኝ ሲነሱ። «አሁን ግን ያንተ ኑሮ መሰለ።»

እዚህ ላይ ሚስቴን እቅፍ አድርጌ ደብዳቤውን ቀደድኩት ብል ደስ ባለኝ። አላደረግሁትም። ሁለት ቀን አኩርፌ ከረምኩ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄድ ትቼ ሐይቁ ዳር እዞር ነበር። ታደለች ሆን ብላ ሽማግሌ የላከችብኝ መስሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ ጠየቅኳት። አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰችላቸው ማለችልኝ። ያኔ በቀበሌው አዳራሽ ፊደል ሲቆጥሩ ከተማሪዎቿ አንዱ «አስተማሪ፣ እርስዎስ ስንተኛ ክፍል ነዎት?» ብሎ ጠይቋት፣ «አሥራ አንደኛ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ሳልጨርስ አልሞትም» ብላ መልሳ ነበር። ጋሽ ባራሳ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያን ሁሉ ዓመት ይዘዋት ኖረዋል።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሹመቱን በደስታ እንደምቀበል፣ ነገር ግን ባለቤቴ ፈተናዋን እስክትወስድ ስምንት ወር እንዲታገሡኝ ለመንኩ። አለቃዬ አስጠርቶኝ ጮኸብኝ፤ የግል ጉዳይ ከአብዮቱ ሥራ አይበልጥም አለ፤ መቀመጫው ክፍት ሆኖ አይጠብቅህም አለ። አልጠበቀኝም። ቦታው በወሩ ለተሾመ ተሰጠ፤ ያ ቆብ የሌለው ባለ ቆብ፣ የጠረጴዛ ጓደኛዬ።

ይባስ ብሎ ተሾመም ጋሽ ባራሳን አማክሯቸው ኖሯል። «ሂድ!» አሉት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። «አንተ ብቸኛ ነህ። እኅትህ እዚያ ቤት አላት። ለአንተ አዲስ አበባ ርካሽ ናት።» ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ያው ጤፍ፣ ያው ከሰል፣ ያው አውቶቡስ! ለእሱ ሂድ፣ ለእኔ ዝምታ። ሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈስኩላቸውም። እሳቸው እንደሆነ አልተለወጡም። ረቡዕ ይመጣሉ፤ ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ የመቂን ሽንኩርት ይነግሩናል፤ ሲያልፉ «አስተማሪ እንዴት ናቸው? እያጠኑ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። «እያጠናች ነው» እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

ቁጭቱም ቶሎ አልለቀቀኝም፤ መዋሸት አያስፈልግም። ለብዙ ዓመት ደመወዝ በወጣ ቁጥር ያቺ መቶ ሠላሳ አምስት ብር ትዝ ትለኝ ነበር። ተሾመ ዋና ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ ከዚያም መምሪያ ኃላፊ ሆነ። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረሁ።

የማትሪክ ውጤት የተለጠፈ ቀን ረቡዕ ነበር። ታደለች ለማየት ስለፈራች እኔ ሄጄ አየሁላት። ስሟን አገኘሁት። አንድ ጊዜ አይቼ ባላምን ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ እስከ ውጤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ልክ ጋሽ ባራሳ እንደሚያነቡት። አልፋለች፤ ያውም በጥሩ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ስመለስ፣ ፒያሳ ላይ ላንድሮቨሯ ከአዲስ አበባ መንገድ ስትገባ አየኋት። መሐል መንገድ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

«አለፈች!» አልኩ።

ጋሽ ባራሳ በሕይወታቸው ሙሉ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ነፍተው አያውቁም። ፍየል እንኳ መንገድ ቢዘጋባቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ቤታችን በር ድረስ እጃቸውን ከጥሩምባው ላይ አላነሱም። ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጣ፤ ሠርግ የመሰለው ነበር። በራችን ላይ ሲደርሱ ታደለች ወጥታ ቆማለች፤ ጥሩምባው ምን እንዳላት ገብቷታል። ጋሽ ባራሳ ወረዱ፤ ቆባቸውን አወለቁ። መዳፋቸው ላይ አላስቀመጡትም፤ ደረታቸው ላይ ይዘውት፣ «አስተማሪ» ብለው ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ነው ቂሜን የተውኩት። ተቃቅፈን ሦስታችንም አለቀስን፤ የጎረቤት ሰው መርዶ መስሎት ደርሶ ነበር።

ታደለች መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። አስተማረች፤ ርዕሰ መምህርት ሆነች፤ በዚያ ሥራ ላይ ፀጉሯ ሸበተ። የሚያስተምሩ፣ የሚያክሙ፣ ቢሮ የሚመሩ ተማሪዎቿ ዛሬ ገበያ ስንወጣ አያሳልፉንም፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጋሽ ባራሳን ቅዳሜ ቡሹሎ ቀበርናቸው። ሐይቁ ከመቃብሩ ቦታ ይታያል። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ሳትቀር እናቷን ወክላ መጥታለች። ተሾመ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቶ ደርሷል፤ ከዘራ ይዟል፤ ጎኔ ቆመ። የሕይወት ታሪኩ ሊነበብ ነው ሲባል ዮሐንስ ማይክራፎኑን ለታደለች ሰጣት።

አንድ ገጽ ናት፤ ቶሎ ታልቃለች ብዬ ነበር። «በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ተማሩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ማን እንዳስተማራቸው ወረቀቱ ላይ የለም፤ አልጻፈችውም። ከወረቀቱ ቀና ብላ፣ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እሳቸውም አስተምረውኛል» አለች። መልሳ ወደ ገጹ ጎነበሰች።

ተሾመ አፍንጫውን በመሐረብ ጠራረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን ይዞት እንደኖረ ያስታውቅ ነበር።

«ግርማ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያ ሹመት ቀርቶብህ ስንት ከሰርክ?»

ባርኔጣዬን በእጄ ይዤው ነበር፤ ለቀብሩ ክብር አውልቄው ነው። ሳላስበው መዳፌ ላይ አስቀምጬው አገኘሁት።

«ለማን?» አልኩት።

ተሾመ ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። ፊት ለፊታችን ታደለች የመጨረሻዋን መስመር ጨርሳ ወረቀቱን ለሁለት እያጠፈች ነበር።